ቁጥሩ ያነሰ ሁሉ አይወደድም

ስለ ዘመናዊ ስፖርት መኪና ሰብሳቢዎች ገበያ ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ ፖርሽ 911 አር ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የተሠራው 991 ብቻ ነው፤ ባለ 4 ሊትር ሞተር፣ 500 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል ካምቢዮ። ያኔ ለውድድር መንዳት የተቃኘው ሌላው 911፣ ጂቲ3፣ በማንዋል አይገኝም ነበርና አሜሪካ ውስጥ 184,900 ዶላር የተተመነው መኪና ወዲያው በብዙ እጥፍ ይጠየቅበት ጀመር። በ2017 ግን ፖርሽ ያንኑ ጉልበት ከማንዋል ጋር ለጂቲ3 ሰጠ፤ ትልቁ ክንፍ የሌለውን ቱሪንግንም አስከተለ። የ911 አር ዋጋ ወረደ። መኪኖቹ አልበዙም፤ አቻ ግን አገኙ።

ስለዚህ "ስንት ተሠራ?" ከማለት በፊት "አምራቹ ይደግመው ይሆን?" ማለት ይሻለኛል። የፖርሽ ካሬራ ጂቲ የተሠራው 1,270 ነው፣ ለዚህ ገበያ ጥቂት አይባልም። ግን ቪ10 (ባለ አሥር ሲሊንደር) ሞተር ከማንዋል ጋር ማን ይመልሳል? ፌራሪ 599ም በማንዋል የተሠራው 30 ገደማ ብቻ ነው። (ማርሹ ከመሪው ጀርባ ባለ መቀየሪያ የሚለወጠውን 599 ወደ ማንዋል የሚያስለውጡ አሉ። ለመንዳት ደስ ይል ይሆናል፤ ለሰብሳቢ ግን ያው አይደለም።)

ፖርሽ ሲገዛ የሞተሩን ኮምፒውተር ሳያስነብቡ ቀብድ መስጠት ሞኝነት ነው። በቅርብ ዘመን ሞዴሎች ከልክ ያለፈ የሞተር ዙር በ6 እርከን ተመዝግቦ ይገኛል። ታችኞቹ እርከኖች ነዳጅ ረግጦ በመንዳት ይሞላሉ፤ ላይኞቹ ጋ ግን የሞተሩ ዙር ገዳቢ ስለሚያቋርጥ በነዳጅ አይደረስም። እዚያ የሚያደርሰው ከ4ኛ ወደ 5ኛ ሲል 3ኛ ያስገባ እጅ ነው፤ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ሊላተሙ ይችላሉ። ይህ የደረሰበት የሞተር ሰዓትም ተመዝግቦ ይታያል፦ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ መቶ ሰዓታት በደህና ከሠራ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሰሞኑ ከሆነ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ካርቦን ሴራሚክ የፍሬን ዲስክ በዓይን አይፈረድም፤ ተፈትቶ ይመዘናል፣ ዝቅተኛው ክብደት ራሱ ላይ ተጽፏል። የካሬራ ጂቲ ሴራሚክ ፍሪሲዮን ደግሞ ነዳጅ እየሰጡ ከለቀቁት ይቃጠላል። ነዳጅ ሳይነኩ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ያስነሳዋል።

ገበያው ያልተነዳውን ይወዳል፣ መኪናው ግን ቆሞ ያረጃል። ጉሚኒው ይደርቃል፣ ጎማው ጥርሱ ሳይነካ ይጠነክራል። ጎማው ጎን ላይ 2318 ከተባለ በ2018 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ምንም ቢያንስ ያ ጎማ ከመነዳቱ በፊት ይቀየራል።