ወንበሯ

አክስቴ ሰሞኑን ደውላ «በረዶ ጣለ አሉ፤ ቆርቆሮው ደህና ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። አገር ቤት በረዶ ማለት ሐምሌ ላይ ጣሪያ የሚደበድበው ጠጠር ነው። እኔ የምኖርባት የአሜሪካዋ ቺካጎ በረዶ ግን ድምፅ የለውም። ጠዋት መጋረጃ ስትገልጥ መኪናህ የለችም። አልተሰረቀችም፣ ተቀብራለች።

ከተማዋ ዳር ያለውን ሚቺጋን ሐይቅንም እንደ ሀዋሳ አታስቡት። ብርዳሙ ነፋስ በላዩ ሲያልፍ እርጥበቱን ጠጥቶ እኛ ላይ ያራግፈዋል። በፈረንጆቹ 2011 በሐይቁ ዳር አውራ ጎዳና ላይ በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች ከነሰዎቻቸው ተውጠው አድረዋል። ጥር 2019 ደግሞ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ገባን። የባቡሩ ሐዲድ በእሳት ሲሞቅ አይቻለሁ። ለአክስቴ ብነግራት «ጠጥተሃል?» ነው የምትለኝ።

እኔን ያዋረደኝ ግን ብርዱ አይደለም፤ ወንበር ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ሰፈሩ በመኪና ጢም ብሏል። አንድ የተጠረገ ቦታ አገኘሁ፤ መሃሉ ላይ አሮጌ ወንበር አለ። የተጣለ መሰለኝ። የመጀመሪያ ሶፋውን ከመንገድ ያላነሳ አበሻ እስቲ እጁን ያውጣ! መኪናዬን አቆምኩና ወንበሯን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ተቀምጬባት ሻይም ጠጣሁ።

ጠዋት መኪናዬ መስታወት ለብሳለች። ውሃ ደፍተውባት በረዶ ሆኗል። ለካ እዚህ ቦታውን በአካፋ የጠረገ ሰው ወንበር አስቀምጦ ይሄዳል። ሕግ አይደለም፤ ግን ሰፈሩ ያውቀዋል። እኛስ ለውሃ ወረፋ ጀሪካን እናስቀምጥ የለ? እንዴት እንዳልገባኝ!

የወንበሯ ባለቤት እናቴን የምታክል ሴትዮ ነበረች። አገሬ ቢሆን አካፋውን ከእጇ ተቀብዬ እጠርግላት ነበር። እዚህ ግን ወንበሯን ተሸክሜ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየኝ፣ ሦስት ፎቅ ወረድኩ። «ሶሪ» ስላት ወንበሯን ገልብጣ እግሮቿን ቆጠረች።

ዲቪ የደረሳችሁ፣ ከመርካቶ ጃኬት ገዝታችሁ ሻንጣ አትሙሉ። በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ኑ፤ ጫማና ጃኬቱን እዚሁ ግዙ። እርጥብ አስፋልት የሚመስለውን ስስ በረዶ እንደ ዳክዬ ተራመዱበት። መኪና ተቀብሮ ካደረ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ጥረጉ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይገድላል።

ባለፈው ክረምት እኔም ሁለት ሰዓት ጠርጌ የቡና በርጩማዬን አስቀመጥኩ። ስመለስ በርጩማው የለም። በቦታው የቆመችው መኪና መስታወቷ ላይ የላሊበላ መስቀል አንጠልጥላለች።