ሱፐርቻርጀር ከመግጠማችሁ በፊት ኮፈኑ ስር ያለውን ወረቀት አንብቡ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ መኪናዬ የ2000 ቶዮታ ፎርራነር። 3.4 ሊትሩ ቪ6 ሞተር (5ቪዜድ-ኤፍኢ የሚባለው) ቶሎ የሚሞት አይደለም፤ ቤተሰብና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ያለከልካል። ለዚሁ ሞተር ተብሎ የተሠራውን የቲአርዲ (የቶዮታ የእሽቅድምድም ክፍል) ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ፣ ያገለገለ አገኘሁና ዘልዬ ገዛሁ።

መግጠሙን ብዙ አላወራበትም። የላይኛው የአየር ማስገቢያ ይወጣል፣ ሱፐርቻርጀሩ በቦታው ይቀመጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ ረዘም ያለ ቺንጋ ይገባል። ቅዳሜና እሁድ በቂ ነው። ካንዴላዎቹን ቀዝቀዝ ባለው ዓይነት ቀይሬ ክፍተታቸውን ከ1.1 ወደ 0.8 ሚሊሜትር አወረድኩ። መመሪያው ቢያንስ 91 ኦክቴን ቤንዚን ይላል፤ እኔ 93 እያለ 91 የሚቀዳበት ምክንያት አይታየኝም።

ጣጣው የመጣው ከነዳጁ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ከ6 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ሲገፋ፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ነዳጅ የሚረጩት ስድስቱ ኢንጀክተሮች አያዳርሱም። ነዳጅ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ይመታል፤ ነዳጁ ያለ ሥርዓት በራሱ ይፈነዳል ማለት ነው። ይሄ የታወቀ ነገር ነው፤ ቲአርዲ ራሱ ሰባተኛ ኢንጀክተር ይሸጥለት ነበር። እኔ ግን ርካሹን መረጥኩ፦ ከአየር መለኪያውና ከጭስ ማውጫው ሴንሰር የሚመጣውን ምልክት እያጣመመ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ትንሽ ሳጥን። 420 ዶላር።

ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። «ስንት ዓመት? ምን ሞተር?» አለኝ። ነገርኩት። «ልክክ ይላል» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እሱ ነው ዛሬም የሚያናድደኝ።

ሽቦ ቆርጬ ሳጥኑን አስገባሁ። በሁለተኛው ቀን የሞተር መብራት በራ፤ የስህተት ኮዱ ፒ1130። ደወልኩ። «አጥፋው፣ ኮምፒውተሩ ይለምደዋል።» አጠፋሁት። በራ። አጠፋሁት። ሰባት ሳምንት እንዲህ ስንባባል ቆየን። በመሃል የጭስ ምርመራዬ ደረሰ፤ ኮድ ሲጠፋ የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻዎችም አብረው ዜሮ እንደሚገቡ ማን ነግሮኝ! «መኪናህ ዝግጁ አይደለም» ተብዬ ተመለስኩ። የጣቢያው ሰው «ጥቂት ቀን ንዳውና ና» አለኝ፤ ነድቼ፣ መብራቱ በርቶ፣ እንደገና አጥፍቼ፣ እንደገና ተመለስኩ።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት የባሰ ነው። በ30 ዶላር ስካነር ገዝቼ የፊተኛውን ሴንሰር አየሁ። 0.66 ይላል። እኔ የማውቀው ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይዋዥቃል፤ መሃሉ 0.45 ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። እንግዲህ 0.66 ማለት ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አጥብቄ ስረግጠው ቁጥሩ ጭራሽ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ነዳጅ ቀነስኩ። ቁጥሩ ጨመረ። አሁንም ቀነስኩ።

በ66 መንገድ ወደ ፍሮንት ሮያል ዳገቱን ስወጣ (መንገዱም 66፣ ቁጥሩም 66) ከኮፈኑ ስር ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ ድምፅ መጣ። ባለቤቴ «ምንድነው እሱ?» አለች። «ምንም» አልኩ። እግሬን ግን አንስቻለሁ። ቤት ደርሼ ካንዴላ ስፈታ ነጩ ሴራሚክ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የመሰለ ነጠብጣብ አየሁ። ሞተር ውስጥ ሲመታ የሚተወው ምልክት ይሄ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ፤ ልጅ ሆኜ መፍቻ አቀብላቸው ነበር። ደወልኩላቸው። ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ «አንተ ልጅ፣ ስካነሩን ወዲያ በለውና ሽቦው ላይ ለካ» አሉኝ። ለካሁ። አንዱ ሽቦ 3.3 ቮልት፣ ሌላው 3.0። ሁለቱም ንቅንቅ አይሉም።

የኔ ኮምፒውተር የሚያነበው ተራውን የኦክስጅን ሴንሰር አልነበረም፤ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ሴንሰር ነው። እሱ ደግሞ ቮልት እያዋዠቀ አያወራም፤ ኮምፒውተሩ የሚለካው በውስጡ የሚያልፈውን ጥቃቅን ከረንት ነው። ምጣኔው ልክ ሲሆን የቶዮታ ንባብ 3.3 ነው፤ ርካሹ ስካነር ያንን ለአምስት ከፍሎ 0.66 ብሎ ያሳያል። አቅጣጫውም ተገላቢጦሽ ነው፦ ቁጥሩ ሲወጣ ነዳጅ አንሷል። እኔ ነዳጅ በዝቶበታል እያልኩ የጠማውን ሞተር ውሃ እከለክለው ነበር።

ኮፈኑን ከፍቼ ከስሩ የተለጠፈውን የጭስ ወረቀት አነበብኩ። «ካሊፎርኒያ» ይላል፤ ለዚያ ግዛት የጭስ ደንብ የተሠራ ነው ማለት ነው። መኪናው መጀመሪያ የተሸጠው እዚያ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ባለቤት ነኝ። ሳጥኑ የተሠራው ለፌደራሉ የጭስ ደንብ ለወጣው መኪና ነው። ዓመቱ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ሴንሰሩ ሌላ። ለሻጩ ስነግረው «ሽቦው ተቆርጧል፣ አንመልስም» አለኝ።

ሳጥኑን ነቅዬ ሽቦውን በብየዳ መለስኩ፤ ሴንሰሩን የማይነካ ሰባተኛ ኢንጀክተር አስገባሁ። ለብቻው የሚለካ የምጣኔ ጌጅም ጭስ ማውጫው ላይ በየድኩ፤ ይሄ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው፣ «አያስፈልግም» የሚላችሁን አትስሙ። ድሮ ሙሉ ሲረገጥ ለአንድ እጅ ነዳጅ 13.8 እጅ አየር የነበረው አሁን 11.8 ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ነዳጁ በዝቷል። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ግፊት) ለካሁ፤ ስድስቱም ከ165 እስከ 172 ፒኤስአይ ሰጡ። ሞተሩ ይቅር ብሎኛል።

አንድ ጸጸት ቀርቶኛል፦ የመምታት ሴንሰሮቹና ሽቦአቸው ከታችኛው ማስገቢያ ስር ናቸው፤ ሽቦው በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ያኔ ግማሹን ከፍቼው ሳለ ሳልቀይር ዘጋሁት። አሁን ሁሉንም ዳግመኛ ላወጣ ነው።

ሳጥኑ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ አለ። ፌደራል መኪና ያለው ሰው በግማሽ ዋጋ ይውሰደው፤ መጀመሪያ ግን የኮፈኑን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።