ከጅማ አዲስ አበባ፦ የእናቴ ወገብ የመረጣቸው መኪኖች

እናቴ የዲስክ ሕመም አለባት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጥቂት ወሩ ለክትትል ከጅማ አዲስ አበባ ሳመላልሳት ቆየሁ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጤነኛ ሰው ምንም ማለት አይደለም፣ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ ይነሳል፣ ከሰዓት ይገባል። ለእሷ ግን እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገቧ ላይ ትቆጠራለች። እንግዲህ በእነዚህ ጉዞዎች በራሴም፣ በዘመድም፣ በኪራይም መኪና ስለወሰድኳት የትኛው እንደሚመች ከእሷ ፊት ነው ያነበብኩት።

እኔ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። ጅማ መቼም የወንበር አገር ነው፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር በርጩማችንን የማያውቅ የለም። ስለዚህ መኪና ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወንበሩን ነው። ሰው ግን መኪና ሲመርጥ ሞተሩን ይጠይቃል፣ ቀለሙን ያያል፣ ወንበሩ ላይ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀመጥ ብር ይከፍላል። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ጉዞ በራሴ ቪትዝ ነበር። ቪትዝ ከተማ ውስጥ ወርቅ ናት፣ አልክድም። ሩቅ መንገድ ላይ ግን በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት 2.37 ሜትር ብቻ ነው። የፊት ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሳይረጋጋ የኋላው ይከተላል፣ መኪናዋም ወደፊትና ወደኋላ ትንቀጠቀጣለች። በዚያ ላይ ጎሚስታው «ለሩቅ መንገድ ነው» ብሎ ነፋሱን ጠንከር አድርጎ ሞልቶልኝ ነበር፣ እኔም ደግ ያደረገልኝ መስሎኝ አመስግኜ ነው የሄድኩት። አሰንዳቦ ሳንደርስ እማዬ «ልጄ፣ እስቲ አቁምልኝ» አለች። ወርዳ የበሩን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደቆምን አላስታውስም።

ትክክለኛው የጎማ ነፋስ መጠን የሾፌር በሩን ስትከፍቱ እዚያው ጎን ላይ ተለጥፏል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት። ከዚያ በላይ የተሞላ ጎማ እንደ ድንጋይ ነው፣ መንገዱን እንዳለ ወደ ወንበር ያስተላልፋል። ይለስልስ ብላችሁ ደግሞ ከቁጥሩ በታች አታውርዱት፣ በፍጥነትና በሙቀት ጎማው ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዞ በአማቼ ሃይሉክስ ሆነ። ሁሉም ሰው «ፒክአፕ ካለ ምን ችግር አለ» ይለኝ ነበር። አለ እንጂ! የሃይሉክስ የኋላ እግር በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረበ ዝርግ ብረት ነው የተሠራው፣ ጭነት እንዲሸከም። ባዶውን ሲሄድ ኋላው ይዘላል። የኋላ ወንበሩ መደገፊያ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ ወገብ ለታመመ ሰው ቅጣት ነው። የገረመኝ በሌላ ጊዜ በዚያው መኪና የሠራኋቸውን ወንበሮችና አንድ ከባድ ጠረጴዛ ጭነን ስንሄድ ነው። ባሌስትራው ክብደት ሲያገኝ ረጋ አለ፣ እማዬንም ጋቢና አስቀመጥናት፣ መንገዱ የተለወጠ እስኪመስል ድረስ ተሻላት። ፒክአፕ ብቻ ካላችሁ እንግዲህ በሽተኛውን ፊት፣ ትንሽ ጭነት ኋላ።

አንድ ጊዜ በሕዝብ ሚኒባስ ተመልሰናል። እሱን በአጭሩ ልለፈው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሰው አታስቀምጡ። የኋላ ጎማው ሲነሳ ከሁሉም በላይ የሚነሳው እዚያ የተቀመጠ ሰው ነው። መሃል፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ወንበር ያዙ፣ ለዚህ ሲባል ቀድሞ መናኸሪያ መድረስ ያዋጣል።

ቀጥሎ የ2003 ሞዴል ኮሮላ ተከራየሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። የጎማ ለጎማ ርቀቱ 2.60 ሜትር ነው፣ ከቪትዟ በ23 ሳንቲም ይረዝማል፣ ትንሽ ትመስላለች እንጂ አስፋልት ላይ ልዩነቷ ትልቅ ነው። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ሰው ሳያውቀው ያደክማል። ችግሩ መኪናው ራሱ ዝቅ ማለቱ ነው። እማዬ ስትገባ እንደመውደቅ ትላለች፣ ስትወጣ ሁለት ሰው ይስባታል። በኋላ ዘዴ አገኘን። ወንበሩ ላይ ፌስታል አነጠፍን። በጀርባዋ በኩል መጥታ እግሯ ውጭ እንዳለ ትቀመጥና፣ ፌስታሉ ስለሚያንሸራትት ሁለቱንም እግሯን አንድ ላይ አዙራ ትገባለች። ወገቧ ሳይጠመዘዝ። ከዚያ ፌስታሉን እናወጣዋለን፣ አለበለዚያ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ያንሸራትታታል።

የመቀመጫው ነገርም እዚያው ነው የገባኝ። ወንበር ስሠራ ጭኑ ካልተደገፈ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫው ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ያገለገሉ መኪኖች ላይ ስፖንጁ መሃሉ ስለሚሰምጥ ሰውየው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል፣ የታችኛው ጀርባው ወደኋላ ይጎብጣል። አንድ ነጠላ ጠቅልዬ ከቀበቶ መታጠቂያዋ ትንሽ ከፍ አድርጌ ከጀርባዋ አስገባሁላት። መደገፊያውን ትንሽ ብቻ ወደኋላ አዘነበልኩት። «አሁን ሰው ሆንኩ» አለችኝ። ያቺ ነጠላ ከብዙ ውድ መኪና በላይ ሠርታለች፣ ከልቤ ነው የምለው።

ፕራዶም ሞክረናል። ወንበሩ ምቹ ነው፣ አራቱም እግር ላይ ሞላ ስላለው የተበላሸ መንገድ ላይ የሚደርስበት የለም። ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ገጠር ለሚገባ ሰው እሱን ነው የምመክረው። ከሶኮሩ አልፎ ወደ ግቤ ሲወረድ ግን፣ ያ ዝንጀሮ መንገድ ዳር የሚቀመጥበት ጠመዝማዛ ላይ፣ ከፍ ስላለ ግራና ቀኝ ይዋልላል። እማዬን አስመለሳት። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የግቤ ድልድይ 1,100 አካባቢ ነው፣ ሙቀቱም እዚያው ይቀበላችኋል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው፣ ለፍሬኑም ለሆድም ይበጃል። የሚያስመልሰው ሰው ፊት ይቀመጥ፣ ሩቅ ይመልከት፣ ስልክ አይነካካ። ጆሮው መዞሩን እየነገረው ዓይኑ የቆመ ነገር ካየ ነው ሆድ የሚረበሸው።

ለእሷ የተሻለው ራቭ ፎር ሆነ። ወንበሩ ልክ ዳሌዋ ጋ ነው። አትወርድም፣ አትወጣም፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አራቱም ጎማ ለየብቻው ነው የሚንቀሳቀሰው፣ የአንዱ ጉድጓድ ሌላውን አያናጋውም። እንደ ፕራዶም አይዋልልም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ። አይዲ ፎር የሚባለው የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ጸጥታው ደስ ይላል። ግን ከግቤ ወደ ወልቂጤ ያለው ዳገት ባትሪ ይበላል። ቻርጅ እየቆጠርኩ እናቴን መንገድ ላይ ይዤ መሄድ አልደፍርም፣ ለጊዜው።

መኪናው ምንም ይሁን በየሰዓቱ እናቆማለን። ሐኪሟ ያዘዘላት ነው። ሶኮሩ፣ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ አምስት ደቂቃ ትራመዳለች፣ እኔም ክንዷን ይዤ አብሬያት። ባለፈው ወር በራቭ ፎሩ ስንሄድ ግን ከወልቂጤ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። በመስታወት አየኋት፣ ነጠላዋ ከጀርባዋ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ። መቀስቀስ አሳሳኝ። ሰበታ ስንደርስ ነቃችና ውጭውን አየት አድርጋ፣

«ወሊሶን መቼ አለፍነው?» አለችኝ።