እንግሊዝኛ ጽሑፌ ጆሮ እንዳይጎረብጥ ምን አደረግሁ?

ሰዋስዉ እንከን የሌለበት፣ ሲነበብ ግን ለዛ የሚያጣ እንግሊዝኛ አለ። ለዓመታት የታገልኩት ከዚህ ጋር ነው። ቁልፉን ያገኘሁት የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ማስተዋል ስጀምር ነው።

ዝናብን እንይ። ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን» ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ግን «ስትሮንግ ዊንድ»። ቢቀያየሩም ሐሳቡ ይገባል፤ አንባቢው ግን ወዲያው ይነቃል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መመራመር ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ለብቻው መመዝገብ ተውኩ። ደብተሬ ላይ የማሰፍረው ከነጓደኛው፣ ከነመስተዋድዱ ነው።

ስጠራጠር ኮካ የተባለውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍና የንግግር ክምችት እከፍታለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990 እስከ 2019 ያሉ ጋዜጦች፣ መጽሔቶች፣ ልቦለዶችና የቴሌቪዥን ንግግሮች ተሰብስበውበታል፤ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃላት። ሁለቱን አማራጮች አስገብቼ የትኛው ደጋግሞ እንደሚመጣ አያለሁ። ምሳሌዎቹንም ገባ ብዬ አነባለሁ፤ ለጥናት ጽሑፍ የሚያምር አባባል ለጓደኛ መልእክት ይደርቃል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የአሜሪካዊው ጸሐፊና ፖለቲከኛ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ዘዴ ነው። ሰውዬው በልጅነቱ መጻፍ የተለማመደው እንዲህ ነበር። ከሚወደው መጽሔት አንድ ጽሑፍ ይመርጣል። የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭሩ ይመዘግባል። ለጥቂት ቀናት ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዋናውን ሳያይ በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፈውና ከዋናው ጋር ያስተያያል። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ማስታወሻውን የምይዘው በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛውን ከባዶ ማምጣት ግድ ይለኛል ማለት ነው።

ማስተያየቱ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ማስታወሻዬ «ሊቀመንበሩ ስለታመሙ ስብሰባው ተሰረዘ» ቢል፣ እኔ ምክንያቱን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ዋናው ጸሐፊ መሰረዙን ይነግረንና ምክንያቱን ያስከትላል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ሁሌ ምክንያት፣ ሁኔታና ጊዜ ከፊት ሲደረደር ግን አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ እስኪያውቅ ይሰለቻል። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ይህን መጠበቅ ለምደነዋል፤ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ግን አልለመዱትም። አሁን ባለቤቱንና ግሱን ቶሎ አወጣለሁ።

ሌላው እንደ እኛ «ከዚህም በላይ» ያሉት «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር» የሚሉት ማያያዣዎች ናቸው። ጥሩ ጸሐፊዎች እምብዛም አይነኳቸውም። የቀደመው ዐረፍተ ነገር የዘጋበትን ሐሳብ የሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ያነሱታል፤ ማያያዣው ያ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? እጠቀማለሁ፣ ግን ራሴ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አስተካክልልኝ ከማለት ይልቅ የትኛው ሐረግ እንደሚጎረብጥና ለምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ሁሉንም እንዲያለሰልስ ከተፈቀደለት የጸሐፊው ድምፅ ጭራሽ ይጠፋል።

የፍራንክሊንን ዘዴ ልትሞክሩት ካሰባችሁ መነሻ ጽሑፉን ከምትጽፉት ዓይነት ምረጡ። የሥራ ኢሜይል ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ጥሩ ኢሜይሎች ይበቁታል። ከአንድ አንቀጽ በላይ አትውሰዱ፤ ከረዘመ ማስተያየቱ ይታክታል።