ጄኔራል የመሰለው ጳጳስ

ዛሬ ከእማዬ ጋር ዋሽንግተን ዲሲ፣ ማውንት ፕሌዘንት አካባቢ ስንሄድ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት አየችና «ይሄ ደግሞ የት ዘምቶ ነው?» አለችኝ። አይፈረድባትም፤ ዲሲ ውስጥ ፈረስ ላይ ያለው አብዛኛው ጄኔራል ነው። ጳጳስ ነው ስላት ሳቀችብኝ።

ፍራንሲስ አዝበሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1771 ከእንግሊዝ አሜሪካ መጣ። በ1784 ባልቲሞር ላይ የአሜሪካ ሜቶዲስቶች (የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ወገን ናቸው) መሪ ሆኖ ተሾመ። እስኪሞት፣ እስከ 1816 ድረስ፣ ከፈረስ አልወረደም ማለት ይቻላል። ቤት የለው፣ ሚስት የለው። ደሞዙ ለብዙ ጊዜ በዓመት 64 ዶላር ነበር፤ እንደ ማንኛውም ተጓዥ ሰባኪ።

የእማዬ ዓይን ግን ፈረሱ ላይ ነው። የጄኔራሎቹ ፈረስ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚቆመው። ይሄኛው አቀርቅሯል። «ምስኪን፣ ደክሞታል» አለች። እኔ ስንቴ በዚያ ሳልፍ አንገቱን አላየሁትም።

እኛ አንድ ሰው ተሾመ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው መኪናውን ነው። አዝበሪ ሲሾም የተጨመረለት መንገድ ብቻ ነው፤ አፓላቺያን ተራሮችን ደጋግሞ መሻገር፣ ያውም እየታመመ።

እማዬ እስካሁን «64ቱ ዶላር በወር መሆን አለበት» እያለች ነው።