ከረጅም ጊዜ ክምችት በኋላ የጨው ውኃ አኳሪየምን በአሮጌው ድንጋይ ማስጀመር

ለዓመታት ባዶውን የቆየ የጨው ውኃ አኳሪየም ዳግም ሲጀመር ሰው በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ መስታወቱና ስለ ፓምፑ ነው፤ ሥራውን የሚያረዝመው ግን ውኃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ድንጋይ ነው። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤታችን ምድር ቤት የተቀመጠውን ባለ 75 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 284 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በዚህ ዓመት እንደገና ሳቋቁም ድንጋዮቼ በሁለት መንገድ ተቀምጠው ነበር፤ ገሚሱ ደርቆ በካርቶን፣ የቀረው ደግሞ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ከጨው ውኃ፣ ከማሞቂያና ከትንሽ ፓምፕ ጋር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየቴ አንድ አስተያየት አጽንቶልኛል፦ የሞተ ባክቴሪያ በቀላሉ ይተካል፤ ድንጋዩ በጉድጓዶቹ የቋጠረው ቅሪት ግን ከገንዳው ውጭ ካልተወገደ በገንዳው ውስጥ ለብዙ ወራት ያስቸግራል።

ሕያው ድንጋይ የምንለው በአብዛኛው የሞቱ ኮራሎች (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት) አጽም የሆነ፣ ቀዳዳ የበዛበት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በገጹ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣ ቆሻሻ የሚያመነጨውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክሲጅን በማይደርስበት በውስጠኛው ክፍል ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ከውኃው ያስወጡታል። ቀድሞ ከፊጂ ይመጣ የነበረው ድንጋይ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ኮራልና ድንጋይ ወደ ውጭ መላክን ካገደች ወዲህ ጠፍቷል። በፍሎሪዳ ባሕር አርቢዎች የሚያሳድጉት ቢኖርም ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ፣ እጅ ላይ ያለውን አሮጌ ድንጋይ ማዳን ድካም የሚገባው ሥራ ነው።

የደረቀው ድንጋይ ችግር ሞቶ መድረቁ ብቻ አይደለም። ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ ትሉና አልጌው በየቀዳዳው ደርቆ ይቀርና ውኃ ሲነካው መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ በጠንካራ ብሩሽና በኃይለኛ የውኃ ግፊት የሚነቀለውን ሁሉ ነቅዬ፣ ብዙ ቅሪት የነበረባቸውን ጥቂት ድንጋዮች ብቻ በውኃ በቀጠነ በረኪና ዘፈዘፍኋቸው፤ ከዚያም ደጋግሜ አጥቤ፣ የክሎሪን ማስወገጃ ባለበት ውኃ ውስጥ ካቆየኋቸው በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሁሉንም ድንጋይ በበረኪና መንከር ብዙዎች የሚመክሩት ቢሆንም እኔ ከልክ ያለፈ ሆኖ አገኘዋለሁ። የድንጋዩን ውጫዊ ሽፋን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚያሟሙም አሉ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አሲዱና በረኪናው ከቶ እንዳይገናኙ መጠንቀቅ አለበት፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ድንጋይ ፈጽሞ አይቀቀልም። በድንጋዩ ላይ የሚያድጉት፣ ፓሊቶአ የተባሉት ኮራል መሰል እንስሳት ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ መርዙ ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በአላስካ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በአኳሪየም መደብሮችና በመኖሪያ ቤቶች ሰዎች በዚሁ መርዝ ሳይታመሙ እንዳልቀሩ የጤና ባለሥልጣናት መዝግበዋል። ድንጋይ የሚፍቅ ሰውም ጓንትና የዓይን መከላከያ ሊያደርግ ይገባል።

በበርሜል የቆየው ድንጋይ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ብርሃን በማጣቱ ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ ነጥቶ አልቋል፤ ባክቴሪያው ግን ውኃው ስለሚንቀሳቀስና አልፎ አልፎ ጥቂት አሞኒያ ስለምጨምርለት አልሞተም። በአንጻሩ ፓምፕ በሌለው የታሸገ ዕቃ ውስጥ ድንጋይን በውኃ ማስቀመጥ ከማድረቅም የከፋ ነው፤ ኦክሲጅኑ ያልቅና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል፣ እርሱም ለዓሣም ለሰውም መርዝ ነው።

ከአሞኒያ ይልቅ ትዕግሥትን የሚፈትነው አልጌን የሚመግበው ፎስፌት ነው። ፎስፌት በካልሲየም ካርቦኔት ገጽ ላይ ይጣበቃል፤ በውኃው ውስጥ ያለው መጠን ሲቀንስ ድንጋዩ የያዘውን መልሶ ይለቃል። በዚህ ምክንያት ውኃው በተቀየረ ማግሥት የሚነበበው ዝቅተኛ ቁጥር አያስተማምንም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁጥሩ እንደገና ይወጣል። በደረቁት ድንጋዮች መዘፍዘፊያ ውስጥ ንባቡ በሊትር ከ1 ሚሊግራም አልፎ ነበር፣ እኔ በኮራል ገንዳ ውስጥ ከ0.1 በላይ እንዲሆን አልፈልግም። ደጋግሞ ውኃ መቀየር ብቻውን ብዙ ጨው ስለሚያስጨርስ፣ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠውንና ፎስፌትን የሚያዘቅጠውን ላንታነም ክሎራይድ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሬ የሚፈጠረውን ነጭ ዝቃጭ በደቃቅ የማጣሪያ ከረጢት ያዝሁት። ይህ ግን ዓሣ በሌለበት በርሜል ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ዝቃጩ ዓሦች የሚተነፍሱበትን ስንጥብ ሊጎዳ ይችላል። በርሜሉንም በጨለማ ማቆየት ይገባል፤ ፎስፌት በበዛበት ውኃ ላይ መብራት ማብራት አልጌን ከመጋበዝ አይተናነስም።

ውኃውን በተመለከተ የአርሊንግተን ነዋሪ የሚያውቀው ነገር አለ። የቧንቧ ውኃችን የሚመጣው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ከሚያስተዳድረው የዋሽንግተን የውኃ ማጣሪያ ሲሆን፣ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ማከሚያው ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ነው፤ በዚህ አገር ጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይዞራል። ክሎራሚን በከሰል ማጣሪያ ሲሰበር አሞኒያ ይተዋል፤ ስለዚህ በቤት ማጣሪያው ውስጥ ከከሰሉና ከሜምብሬኑ (ከስስ ማጥለያው) በኋላ ያለው፣ የሟሙ አዮኖችን የሚይዘው ሬዚን ካረጀ የአሞኒያው ንባብ ከድንጋዩ ይሁን ከቧንቧው መለየት ያስቸግራል። እኔ ሦስቱንም ቀይሬ ነው የጀመርሁት። ጨዋማነቱን 35 ግራም በኪሎ ላይ አቆምሁ፤ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ወደ 40 ይደርሳል፣ የዚያ ባሕር ዓሦች ግን በ35ም ይኖራሉ። እርጥበት ገብቶበት ድንጋይ የሆነ የቆየ ጨው ቢገኝ መጣል ይሻላል።

ስለ ዕቃዎቹ የምለው ጥቂት ነው። ገንዳው ደጅ ላይ ውኃ ተሞልቶ የሲሊኮኑ መጋጠሚያ ተፈተሸ፤ ፓምፖቹ በኮምጣጤ ተዘፍዝፈው ኖራቸው ለቀቀ፤ ማሞቂያው በአዲስ ተተካ፤ ጊዜያቸው ያለፈባቸው የመመርመሪያ ጠብታዎችም ተጣሉ።

ድንጋዮቹ ወደ ገንዳው ከገቡ በኋላ ባክቴሪያውን ለመመገብ አሞኒየም ክሎራይድ ጨምሬ አሞኒያውን ወደ 2 ሚሊግራም በሊትር አደረስሁት። ከበርሜል የመጡት ድንጋዮች ባይኖሩ ኖሮ ባክቴሪያው እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ በእኔ ገንዳ ግን የነርሱ ባክቴሪያ ወደ ደረቆቹ እየተዛመተ ሥራውን አፋጠነው። ናይትራይት በጨው ውኃ ውስጥ፣ ከጨው የሚገኘው ክሎራይድ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ ለዓሣ ያን ያህል አያሰጋም፤ ሆኖም ከፍ ብሎ እያለ የናይትሬቱን ንባብ ስለሚያዛባ እስኪወርድ ጠበቅሁ። መብራቱ ከበራ በኋላ አሸዋውን የሸፈነው ዳያተም የተባለ ቡናማ ደቃቅ አልጌ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በመድኃኒት ለማጥፋት መሞከር አያስፈልግም። አሁን ገንዳው ውስጥ ቀንድ አውጣዎችና ሁለት ክላውን ዓሦች ብቻ አሉ፤ ኮራል የሚገባው የፎስፌቱ ንባብ ውኃ ከተቀየረ በኋላም ሆነ ሳይቀየር ለተከታታይ ሳምንታት ባለበት ሲቆይ ነው።