ከመኝታ በፊት የሚቦረሽ የወተት ጥርስ

«የወተት ጥርስ አይደል፣ መውለቁ አይቀርም» እየተባለ ስንት ሕፃን በጥርስ ሕመም ሲያለቅስ ያድራል። የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች የሚወልቁት ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። በ3 ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ ገና ብዙ ዓመት ይታኘክበታል። ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣና ተጣሞ ይበቅላል።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ሌሊት ነው። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ውስጥ የቀረ ወተት፣ አጥሚት ወይም ጁስ አይታጠብም። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ይበላዋል። ጡጦ ይዞ የሚተኛ ልጅ መጀመሪያ የሚጎዱበት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይከልሏቸዋል። ስለዚህ በየወሩ የላይኛውን ከንፈር ገልጣችሁ በደንብ እዩ። ድዱ ሥር እንደ ኖራ የነጣ መስመር ካለ መበስበሱ ጀምሯል፣ ግን ገና አልተበሳም። የሌሊቱን ጡጦ አቁማችሁ ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ባለው የጥርስ ሳሙና ከቦረሻችሁ ሊድን ይችላል። ቡኒ ሆኖ ከተቦረቦረ ግን ብሩሽ አይመልሰውም፣ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ነው።

ዓመት ያለፈውን ልጅ ከሌሊት ጡጦ ለማላቀቅ፣ የላም ወተቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ በውኃ እያቀጠናችሁ ውኃ ብቻ እስኪሆን አድርሱት። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ወተት ማቅጠን አደገኛ ነው፤ እንዳትሞክሩት።

መቦረሽ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል፣ 6 ወር አካባቢ ነው። በቀን ሁለቴ፣ ከሁለቱ የማይቀረው የማታው። ሳሙናው እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ለልጆች የሚሸጡ አንዳንድ ሳሙናዎች ፍሎራይድ የላቸውም፤ ቱቦው ላይ የፍሎራይዱ መጠን ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ppm) ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ። መፋቂያ ጥሩ ልማድ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን የፍሎራይድ ሳሙናን አይተካም። በስምጥ ሸለቆ፣ እንደ መተሐራና ወንጂ ባሉ አካባቢዎች፣ የጉድጓድ ውኃው ራሱ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስን ያበልዛል፤ እዚያ የምትኖሩ ስለ ሳሙናው ሐኪም አማክሩ።

ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፤ አፉ ውስጥ በደንብ ይታያችኋል። አንዳንድ ልጅ ብሩሽ የሚጠላው የላይኛው ከንፈር ከድዱ ጋር የተያያዘበትን ቀጭን ሥጋ ብሩሹ ስለሚመታው ነው፤ በጣታችሁ ከልሉለት። ሲጨርስ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይቅመስ። ጣፋጭ የሳል ሽሮፕ ካለው ከመቦረሹ በፊት ስጡት። እስከ 7 ዓመት ገደማ የሚቦርሸው ወላጅ ነው፤ ልጁ ቢሞክርም ጨርሱለት።

ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስወጋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ያበጠው ገና ያልወጣ ክራንቻ ነው፤ መሣሪያው ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ደም ያፈሳል፣ ከሥር የሚሠራውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ለተቅማጡ ጡት ማጥባት፣ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) እና ጤና ጣቢያ ነው።

6 ዓመት ላይ ደግሞ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ይህ ቋሚ ነው፣ ሌላ ምትክ የለውም። እስኪያድግ ድረስ ከጎረቤቱ ዝቅ ስለሚል ብሩሹ ይዘለዋል፤ ብሩሹን ከጉንጭ በኩል በአግድም አስገብታችሁ ላዩን ለብቻው ፈትጉት።